ትዝብት እንደ ታሪክ ምንጭ፦ ሙያ፣ ርስትና ያልተነገረ ፍርድ በሞጣና በብቸና



የታሪክ ሰው ወደ እንዲህ ያለ መድረክ ሲጋበዝ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ረኀብ እንዲናገር ይጠበቃል። የዛሬው ርእሴ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ነው። ልናገር የመጣሁት ሰው ስለ ሰው በልቡ ስለሚፈርደው ትንሽ ፍርድ ነው። ይህ ፍርድ ምክንያቱ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ኃጢአት መስሎ ስለማይታይም ለንስሐ አባት አይነገርም። ነገር ግን ሰው ልጁን ሲድር፣ ዋንጫ ሲያቀርብ፣ ሽማግሌ ሲመርጥ ሳያውቀው ይመራበታል።

አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አለው፤ ትዝብት ይለዋል። «ታዘብሁት» የሚል ሰው አልከሰሰም፣ አልሰደበም፣ አላማም። አይቶ ዝም አለ፤ ያየውን ግን በልቡ አኖረው። ሐሜት ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ለትዝብት አንድ ሰው ይበቃዋል። ከትዝብት ፊት ለፊት ደግሞ ይሉኝታ የሚባል ቃል ቆሟል። «ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ነው፤ ማን እንደሚል አይገልጽም፣ ምን እንደሚልም አይገልጽም። አንዱ የፈራጁ ቃል ነው፤ ሌላው እንደሚፈረድበት የሚጠረጥር ሰው ቃል ነው። ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። በአንድ መንደር ውስጥ ከሚካሄደው ዳኝነት ምናልባት የሚበዛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ያለ ከሳሽና ያለ ምስክር የሚያልቀው ነው።

ለታሪክ ጸሐፊ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ትዝብት ሰነድ አይተውም። ግብር የከፈለ በመዝገብ ይገኛል፣ የተካሰሰ በችሎት ወረቀት ይገኛል፤ ዋንጫ ሲቀበል ጎረቤቱ በጎን ያየው ሰው ግን የትም አይገኝም። የተሰወረው ፍርድ ወደ ወረቀት የሚወጣው በአጋጣሚ ነው፦ ጠላት በጦር ሜዳ ሲጮኸው፣ እንግዳ ሰው እንደ አስገራሚ ወሬ ሲመዘግበው፣ ወይም ንጉሥ ሲከለክለው።

በጦር ሜዳ ከተጮኸው ልጀምር። የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከቋረኛው ካሳ ኃይሉ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ወደቁ። ከውጊያው በፊት የጎሹ አዝማሪ ካሳን በግጥም እንደ ሰደበና በኋላ ተይዞ በዱላ እንደ ሞተ ይተረካል። በዚያ ዘመን በካሳ ላይ ከተወረወሩት ስድቦች ሁሉ የቆየው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ነው። በዚህ ስድብ ፎክሮ የዘመተው ደጃዝማች ወንድይራድ በተማረከ ጊዜ ኮሶ እንዲጠጣ እንደ ተፈረደበት ትውፊት ያወሳል። የታሪክ ሰዎች እናቲቱ በእውነት ኮሶ ሸጠው እንደሆነ ብዙ ተከራክረዋል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። በዚያ ዘመን ኮሶ የማይጠጣ መኳንንት አልነበረም፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይጠጣው ነበር። መድኀኒቱ አላሳፈረም፤ ያሳፈረው መድኀኒቱን ያቀረበችው እጅ ነው። ይህን አስቡልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ንጉሡ ክልከላ ልለፍ። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሁላችሁም ስለዚህ አዋጅ ሰምታችኋል፤ በየመድረኩ የንጉሡን ዘመናዊነት ለማሳየት ይጠቀሳል። እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቀው አዋጁን እንደ ቋንቋ ሰነድ እንዲያነቡት ነው። ንጉሡ በአገሩ ሁሉ የሚነገረውን ስድብ በየሙያው ይቆጥራሉ፦ ብረት የሚሠራው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈው ጠንቋይ፣ የሚነግደው መጫኛ ነካሽ መባሉን ያነሣሉ። ዝርዝሩን ለብቻው ላነበበ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። በዚህ ዝርዝር የተረፈ ሙያ ጥቂት ነው፤ መጻፍ እንኳ አልተረፈም። በእጁ አንዳች ነገር የሠራ ሰው ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው ቃል ተመዝኖ ቀልሏል። «መጫኛ ነካሽ» የሚለውን ብቻ ብንወስድ፣ ነጋዴ ጭነት ሲያጠብቅ ገመዱን በጥርሱ ስለሚይዝ ነው። ይህ ምን ነውር አለው? ምንም። የትዝብት ጠባዩ ይህ ነው፤ ምክንያቱ በጣም ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ ማስተባበል አይቻልም። ሞጣ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ነጋዴ የሚያድርባት፣ በሰባራ ድልድይ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ በጌምድር የሚወጣው መንገድ የሚያልፍባት አገር ናት። ጨውና አሞሌ፣ ቡናና ሸማ በመጫኛ ነካሾች ጫንቃ አልፏል።

ንጉሡ የሰው ሁሉ አባትና እናት አዳምና ሔዋን መሆናቸውን ያስታውሳሉ፤ በሠራተኛ ላይ የሚወርደው ስድብ ሙያን አጥፍቶ አገርን ባዶ እንደሚያደርግ ይናገራሉ፤ የሚሳደበውን በአንድ ዓመት እስራት እንደሚቀጡ ያስጠነቅቃሉ። የታሰረው ግን አፍ ነው። ከአዋጁ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ብናገር፣ ስድቡ ወደ ትዝብት ተመለሰ። ጠይብ ማለት አሳፋሪ ሲሆን ሰዎች «እሱ እኮ…» ብለው ዝም ማለትን ተማሩ። የእኔ ትውልድ ስድቡን እምብዛም አልሰማም፤ ዝምታውን ግን በሚገባ ወርሷል።

እንግዳ ሰዎች የመዘገቡት ደግሞ አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ቀጥቃጮች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሎ እንደሚታመን ጽፏል፤ የወርቅ ጉትቻ በጆሮዋ ያለባት ጅብ ተገደለች የሚለውን ወሬ ጭምር። ማንስፊልድ ፓርኪንስም በ1853 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳዩን ይዘረዝራል። እነዚህ መንገደኞች የቀረጹት ጅቡን ነው፤ ጅብ ለአውሮፓ አንባቢ የሚጥም ወሬ ነበርና። እኔ የምፈልገው ግን ከጅቡ በፊት ያለውን ትንሽ ነገር ነው፦ ምግብ ሲቀርብ መሶቡን መሸፈን፣ አንዱ ሲመጣ ሕፃኑን ወደ ጓዳ ማስገባት፣ ዋንጫውን ለይቶ ማስቀመጥ።

ይህ ፍርድ ከየትኛውም በኩል ቢመጡበት የሚያስተባብለው ነገር የለውም። ቀጥቃጩ ቢደኸይ «ሥራው ረድኤት የለውም» ይባላል፤ ቢያልፍለት «ዓይኑ ነው ያበላው» ይባላል። ቢስቅ ልጅ ወደደ፤ ቢኮሳተር ልጅ ጠላ። በዚህ ላይ ርቀት የለም። ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚወጣው ከእርሱ ወናፍ ነው፤ ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬው ማረሻውን ይዞ ከእርሱ ደጅ ይሰለፋል፣ ብረቱ እስኪግል ቁጭ ብሎ ያወጋል፣ ስለ ዝናብም ይማከራል። በጎጃም ምድር የሚበላው እንጀራ ሁሉ በቀጥቃጩ እጅ አልፏል። ከኮሶው ጋር አንድ የሆነብኝ እዚህ ላይ ነው፤ የምንንቀው የሩቁን ሰው አይደለም፣ ያለ እርሱ ማደር የማንችለውን ነው።

ታዲያ ትዝብት በሁሉም ላይ እኩል ይወርዳልን? አይመስለኝም፤ የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ኖሮ ያጠናው አሜሪካዊው የሰብአዊ ጥናት ምሁር አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጎጃምን ርስት አሠራር በጥንቃቄ ገልጾታል። ርስት በአባትም በእናትም ይወረሳል፤ ወደ አንድ አቅኚ አባት መቁጠር የቻለ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ስለዚህ ገበሬው ሁሉ የትውልድ ሐረግ አዋቂ ነበር፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም። የማን አያት ከየት እንደ መጣ፣ የማን እናት በማን ቤት እንዳደገች ማወቅ የሥራው አካል ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሰውን በልብ መመዘን ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም፤ መሬት የሚያስገኝና የሚያሳጣ ዕውቀት ነበር። ነገር ግን ባለርስት በባለርስት ላይ ያሰበውን ለመናገር ይፈራል፤ ነገ በችሎት ይገናኛሉ፣ ምስክር ይቆጠራል፣ የተነገረው ቃል ይመለሳል። ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ግን በአመዛኙ ርስት አልነበራቸውም። በእነርሱ ላይ መፍረድ ዋጋ አያስከፍልም ነበር። የትዝብት ክብደት የሚወርደው መልሶ መክሰስ በማይችለው ሰው ላይ ነው፤ የሰው ልብ ክፉ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ፍርዱ በዚያ በኩል ነፃ ስለሆነ ነው።

ሙስሊሞችም ከዚሁ መሥመር የራቁ አልነበሩም። በ1660 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ርስት የተነፈገው ወደ ሽመናና ወደ ንግድ ሄደ፤ ወደ ሽመናና ወደ ንግድ በመሄዱ ደግሞ ተናቀ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ በዚያች ከተማ ስም ንግግር የሚያደርግ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ትንሽ ትዝብት መስጊድ አቃጠለ አልልም፤ እሳት ሌላ ምክንያትና ሌላ ሠሪ አለው። ነገር ግን እሳቱ በተነሣ ጊዜ ስንት ሰው ቤቱ ውስጥ ዝም ብሎ እንደ ተቀመጠና ዝም ያሰኘው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተመራማሪ ቢኖር፣ የእኔ ርእስ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያየ የልብ ወለድ ጸሐፊ አለ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዲማ መካከል ያስቀመጡት ካሳ፣ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ አርቆ የሚያይ ሆኖ ሳለ አገሩ «ጉዱ» ብሎ ሰይሞታል። ደራሲው ፍርዱን በአንድ ቅጽል ውስጥ አስገቡት። የታሪክ ሰዎች ይህን ለማድረግ ብዙ ገጽ ይፈጅብናል።

ሕጉ ግን ተለውጧል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ፤ የርስት ክርክር አበቃ። ቀጥቃጩም በሕግ ፊት መሬት ሊያገኝ የሚችል ሰው ሆነ። ትዝብት ግን ሌላ መቀመጫ አገኘ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል «ቢሮክራሲ»ና «ቅሪት ፊውዳል» የሚሉ መለያዎች መጡ፤ መለያው የተለጠፈበት ገበሬ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ሌላው ግን እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ዝቅተኛ ኃላፊነት የነበራቸውም በዚህ መለያ ተመዘኑ። ማን ምን እንደ ነበር የሚያውቀው ያው ጎረቤት ነው። ለዓመታት በልብ የተቀመጠ ትዝብት በአንድ ስብሰባ ላይ የሄክታር ልክ ያዘ። በዚህ ክፍፍል ላይ የተጻፉት ጥናቶች በአመዛኙ ስለ መንግሥትና ስለ ገበሬ ግንኙነት ናቸው፤ ስለ ገበሬና ስለ ገበሬ ገና ብዙ አልተጻፈም።

እስካሁን ስለ ሌሎች ተናገርሁ። ይህን ርእስ ለምን እንደ መረጥሁ ግን ገና አልነገርኋችሁም።

በ1992 ዓ.ም. ለሁለተኛ ዲግሪዬ በሞጣና በብቸና የቃል ታሪክ ስሰበስብ ነበር። ርእሴ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ በዚያው ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ገበሬውን «መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» አሰኘው፤ ሞጣ፣ ብቸናና ደጋ ዳሞት ተነሡ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። መንግሥትን ወደ ኋላ ያስመለሰ አመፅ በመሆኑ ወጣቱን ተመራማሪ በጣም ማርኮት ነበር።

መንገድ የሚያሳየኝ አንድ የተከበሩ አባት ነበሩ። ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ይወስዱኛል፤ ቡና ይፈላል፣ ካሴቱ ይዞራል። አንድ ቀን ከሞጣ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ መንገድ ስናልፍ፣ ከአንድ ወናፍ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ዕድሜው ከሽማግሌዎቼ አያንስም። ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። «ቡና ደርሷል፣ ግባና ጠጣ» አለኝ። መሪዬ ክንዴን ጨበጥ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱን ተወው ልጄ፤ እሱ የዚህን አገር ነገር አያውቅም» አሉኝ።

ለሰውየው እንደ ቸኮልሁ ነገርሁት። አልቸኮልሁም ነበር፤ የዚያን ቀን ሌላ ቀጠሮ አልነበረኝም። ከደጁ ቆሜ ዓይኔ የሄደው ወደ ሲኒው ነው። ያን ጊዜ የምኒልክን አዋጅ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ስለ ቡዳ እምነት የተጻፈውንም አንብቤ በሴሚናር ተከራክሬበት ነበር። ከዚያ ሁሉ ንባብ በኋላ ሲኒውን አየሁ። መሪዬ እንዳዩ አላውቅም፤ ቀጥቃጩ ግን ወዴት እንደማይ አይቷል። ከኋላችን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ጠመንጃቸውን ማን ያደሰላቸው ይመስልሃል?» አለ። መሪዬ ሳቁ፤ እኔም ከእርሳቸው ጋር ሳቅሁ።

ማስታወሻዬ አሁንም አለኝ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ሁለት ቃል ተጽፏል፤ «ቀጥቃጭ። አያስፈልግም።» የመረጃ ሰጪዎቼን ዝርዝር ስመለከት ከሠላሳ በላይ ስም አለ፤ ሁሉም ባለርስት የነበሩ ወይም የባለርስት ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ይህ እንደ ጉድለት አልታየኝም፤ የአመፁ ጥያቄ የርስት ጥያቄ ስለ ሆነ ባለርስቶችን መጠየቅ ትክክለኛ ዘዴ መስሎኝ ነበር። ዘዴ የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። መሪዬ ያሳዩኝ መንደር እርሳቸው በልባቸው የመዘኑት መንደር ነበር፤ እኔም ያንኑ ሚዛን ተቀብዬ፣ ማጣቀሻ ጨምሬበት፣ ለዩኒቨርሲቲ አስረከብሁ። መርማሪዎቼም ማን እንደ ጎደለ አልጠየቁኝም።

በ2001 ዓ.ም. ወደ ሞጣ ስመለስ ሰውየውን ፈለግሁት። አርፎ ነበር። ወናፉ የነበረበት ቦታ የእህል ወፍጮ ተተክሎበታል፤ ልጆቹ ወደ ባሕር ዳር ሄደዋል አሉኝ። ስሙን የጠየቅሁት የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ስም ነገሩኝ።

ከእናንተ መካከል ጽሑፌን ያነበባችሁ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ጠቅሳችሁታል። በሦስተኛው ምዕራፍ ስለ አመፀኞቹ ትጥቅ የሚናገር አንቀጽ አለ። አሮጌ ጠመንጃዎች እንዴት እንደ ገና ለውጊያ እንደ በቁ የሚያነሣውን ዓረፍተ ነገር የጨረስሁት እንዲህ ብዬ ነው፦ «የቃል ምንጮች በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ይላሉ።» ጥቅሱን የተጠቀማችሁበት ካላችሁ እንድታርሙልኝ እለምናለሁ። ምንጩ ተናግሮ ነበር።